የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ አቤት የሚለው ለማን ነው?

በአንድ የኢትዮጵያ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከሥራው ቢሰናበት፣ አሠሪውን በአገሩ ፍርድ ቤት ይከሳል። በ1958 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በተቋቋመው፣ መቀመጫውም አዲስ አበባ በሆነው በአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን የሚሠራ ጸሐፊ ወይም ሾፌር ግን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።)

ምክንያቱ ይህ ነው። በ1946 በጸደቀው ስምምነት መሠረት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ በማናቸውም አገር ፍርድ ቤት አይከሰስም። ይህም የሆነው አንድ መንግሥት በዳኞቹ በኩል ድርጅቱን እንዳያዝዘው ተብሎ ነው። ዓላማው መልካም ነው፤ ነገር ግን በሠራተኛው ላይ አንድ በር ይዘጋበታል። «ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባላል፤ ዳኛ ከሌለ ግን ለማን ይነገራል?

ስለዚህ ድርጅቱ በ1949 የራሱን የአስተዳደር ፍርድ ቤት አቋቋመ። ጥንካሬውም ወዲያው ተፈተነ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኮሙኒስቶችን የማሳደድ ዘመቻ በተነሣ ጊዜ፣ በአገራቸው መርማሪዎች ፊት መልስ አንሰጥም ያሉ አሜሪካውያን ሠራተኞች ከድርጅቱ ተሰናበቱ። በ1953 ፍርድ ቤቱ ለ11ዱ ካሣ ፈረደላቸው። የአሜሪካ መንግሥት ክፍያውን በመቃወሙ ጉዳዩ በሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ እርሱም በሐምሌ 1954 ጠቅላላ ጉባዔው ፍርዱን አልፈጽምም ለማለት መብት የለውም ሲል አስታወቀ። ከ2009 ጀምሮ በዚያ ፍርድ ቤት ፈንታ ባለ ሁለት ደረጃ ፍርድ ቤት ይሠራል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ከኒው ዮርክና ከጄኔቫ ሌላ በናይሮቢም ያስችላል።

ፍርድ ቤት የሚያየው የተጣሰውን ደንብ ነው። ደንቡ ሲወጣ የሠራተኛውን ድምፅ የሚያሰማው ግን ማኅበሩ ነው። ዋናው ጸሐፊ ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ዘወትር እንዲመካከር ደንቡ ያስገድደዋል፤ ተወካዮቹም ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። ሆኖም ማኅበሩ እንደ ፋብሪካ ማኅበር ተደራድሮ ደመወዝ አይወስንም። በአገር ውስጥ የተቀጠሩት ሠራተኞች ደመወዝ የሚተመነው በዚያው ከተማ የተሻሉት አሠሪዎች የሚከፍሉት ተጠንቶ ነው፤ በጥናቱም ተወካዮቻቸው ይካፈላሉ። እንግዲህ የማኅበሩ ኃይል በምክር ላይ የቆመ ነው፤ አባላቱ ከተለያዩ ምክሩን የሚሰማ አይኖርም።

አሁንም አንድ ትልቅ ጉድለት አለ። በአማካሪነት ወይም በግል የሥራ ተቋራጭነት ውል የሚሠሩ ሰዎች፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቢሮ ቢውሉም እንኳ፣ ወደዚህ ፍርድ ቤት መቅረብ አይችሉም። ውላቸው ወደ ሽምግልና ዳኝነት ይመራቸዋል፤ ይህም ለአንድ ብቸኛ ሰው ቀላል መንገድ አይደለም።

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ነገ በእነዚህ ድርጅቶች ለመቀጠር የሚመኝ ብዙ ነው። ውል ሲቀርብለት ከደመወዙ ቁጥር በፊት ሁለት ነገር ይመልከት፦ ብበደል የሚሰማኝ ዳኛ ማን ነው? ስለ እኔ የሚናገር ተወካይስ አለኝን?