ከቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀጠፍ በሶብላ

ለምግብ ማጣፈጫ የሚሆኑ ቅጠሎችን በቤት ውስጥ ለማብቀል የሚሠራ ቁም ሳጥን፣ ብርሃን፣ ውሃ፣ አየርና ንጥረ ምግብ በአንድ ጠባብ ስፍራ ተመጣጥነው እንዲገኙ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ክረምቱ ረጅምና ብርዳማ በሆነባቸው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በሶብላና ጤና አዳም ዓመቱን ሙሉ ከቤታቸው ሳይወጡ ለመቅጠፍ ያስችላቸዋል። ሆኖም ቁም ሳጥኑ ያለ ሰው እርዳታ ምን ያህል ሊዘልቅ እንደሚችል የሚወስነው ከውስጡ የሚቆረጠው ቅጠል መጠን ነው።

የለንደኑ ሐኪም ናታኒየል ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1829 በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ በነበረ እርጥብ አፈር ላይ ፈርንና ሣር በቅለው አግኝቶ ነበር፤ ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርድ ስለነበር ተክሎቹ ውሃ ሳይጨመርላቸው ለዓመታት ኖረዋል። ከዚያ ጠርሙስ ግን የሚቆርጥ አልነበረም። ለወጥ የሚቀጠፍ ቅጠል ናይትሮጅንና ፖታሲየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ይዞ ስለሚወጣ፣ የወጣው ካልተተካ ተክሉ እየመነመነ ይሄዳል።

ከውጭ መምጣት ያለበት ሌላው ነገር ኃይል ነው። ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በዋናነት የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን ሲሆን፣ ጎንና ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መደርደሪያ 40 ዋት ገደማ የሚወስድ ጥሩ የኤልኢዲ መብራት በቀን ለ14 ሰዓት ቢበራ በቂ ነው፤ ይህም በቀን ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ፍጆታ ነው።

የንድፉ ከባድ ጥያቄ አየርንና ውሃን ማስታረቅ ነው። በውጭ አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ሞለኪውል 420 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ቁም ሳጥኑ ፈጽሞ ከተዘጋ ተክሎቹ ይህን ጋዝ አሟጥጠው ዕድገታቸው ይገታል። ማራገቢያ ሲገጠም ደግሞ አየሩ እርጥበቱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የሚወጣው አየር አስቀድሞ ከቀዝቃዛ የውጭ ግድግዳ ጋር በተጠጋ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ እንዲያልፍ ቢደረግ፣ ከእርጥበቱ ከፊሉ ወደ ውሃነት ተለውጦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል።

ሥሮቹ ንጥረ ምግብ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ሲያድጉ፣ የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው ክልል መጠበቅ ይኖርበታል። በሶብላ ሙቀትና ውሃ ሲወድ፣ ጤና አዳምና ሮዝመሪ የሚባለው የጥብስ ቅጠል ሥራቸው ውሃ ሲያቁር ስለሚበሰብስ፣ እነዚህን ለብቻቸው ውሃ በሚያሳልፍ አፈር መትከል ይገባል።

በመሆኑም ንድፉ መጀመር ያለበት ከሳጥኑ ሳይሆን ከማእድ ቤቱ ነው፤ በሳምንት የሚፈለገው ቅጠል አስቀድሞ ከታወቀ፣ የመደርደሪያው ስፋት፣ የመብራቱ ኃይልና የሚጨመረው ንጥረ ምግብ ከእሱ ተነሥተው ይሰላሉ።