የሃይድሮፖኒክስ ውኃ ፒኤች ለምን ይዋዥቃል?

ተክል ለማደግ የግድ አፈር አያስፈልገውም። ብርሃን ካገኘና ሥሩ ውኃ፣ ኦክስጅን እንዲሁም በውኃ የሟሙ ማዕድናት ከደረሱት ይበቃዋል። በዚህ መርህ ላይ የተመሠረተው የአመራረት ዘዴ ሃይድሮፖኒክስ ይባላል፤ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስተዋወቀው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ገሪክ ነው። ዛሬ ማንም ሰው በቤቱ 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ሰላጣ ሊያበቅል ይችላል። ይሁን እንጂ ጀማሪዎችን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ ትናንት የተስተካከለው የውኃው ፒኤች ዛሬ ተለውጦ ይገኛል።

ፒኤች የአሲድነትና የቤዝነት መለኪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ያቀረበው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። ልኬቱ ሎጋሪዝማዊ በመሆኑ ከ7 ወደ 6 መውረድ ማለት የሃይድሮጅን አዮን ክምችት በ10 እጥፍ አደገ ማለት ነው። ለአብዛኞቹ አትክልቶች ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ክልል ይስማማቸዋል። ፒኤቹ ከ7 ሲያልፍ ብረት በቀላሉ ይዘቅጣል። በዚህ ጊዜ ተክሉ ብረት ባለበት ውኃ ውስጥ ሆኖ ብረት ያጣል፤ የለጋ ቅጠሎቹ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ መካከላቸው ቢጫ ይሆናል።

የለውጡ አንዱ ምክንያት ተክሉ ራሱ ነው። ሥር ናይትሮጅንን በሁለት መልክ ይወስዳል። ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለውን ናይትሬት ሲወስድ የኤሌክትሪክ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሃይድሮክሳይድ ወይም ባይካርቦኔት ስለሚለቅ ፒኤች ከፍ ይላል። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን አሞኒየም ሲወስድ ግን ሃይድሮጅን አዮን ስለሚለቅ ፒኤች ይወርዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ውኃው ነው። በስምጥ ሸለቆ እንደሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ያሉ የከርሰ ምድር ውኃዎች ባይካርቦኔት ይበዛባቸዋል። አሲድ ሲጨመር ባይካርቦኔቱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ጋዙ ቀስ በቀስ ወደ አየር ሲወጣም ፒኤቹ እንደገና ይጨምራል። ስለዚህ አሲድ እንደተጨመረ ወዲያው የተነበበው ቁጥር አያስተማምንም።

መፍትሔው ከዚህ ይመነጫል። መለኪያው ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ መፈተሻ ፈሳሾች አስቀድሞ ይስተካከል። የተበረዘ ፎስፎሪክ አሲድ በጠብታ እየተጨመረ ውኃው ይማሰል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ዳግመኛ ይለካ። የሎሚ ጭማቂ ለጊዜው ቢያገለግልም፣ ሲትሪክ አሲዱን ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚመገቡት ውጤቱ አይዘልቅም። አሲድ ሲበረዝ ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። በትልቅ ዕቃ ያለ ውኃ ከትንሹ ይልቅ በዝግታ ስለሚለወጥ፣ ቦታ ከፈቀደ ሰፊውን መምረጥ ይበጃል።

ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሚያይል ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። በሁለት ባልዲዎች አንድ ዓይነት የማዳበሪያ ውኃ ሞልቶ በአንዱ ብቻ ተክል ማኖር፣ ከዚያም የሁለቱንም ፒኤች በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት መመዝገብ ነው። ተክል በሌለበት ባልዲ የሚታየው ለውጥ በአመዛኙ ከውኃው የመጣ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ደግሞ የሥሩን ሥራ ያሳያል።