ለቪዲዮ መብራት ሲገዛ

የቪዲዮ መብራት ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋቱን ነው። ዋት ግን መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይናገርም። በየስቱዲዮው ለዓመታት ያገለገለው ባለ 800 ዋት ሃሎጅን ከሚበላው ኃይል አብዛኛውን መልሶ የሚያወጣው በሙቀት መልክ ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠ ተናጋሪ ላብ ሲጠርግ የሚውለውም ለዚህ ነው። የዛሬው ኤልኢዲ በጥቂት ዋት ብዙ ስለሚያበራ፣ ኪሱ የሳሳ ገዢ ከጉልበት ይልቅ የቀለሙን ጥራት ቢያስቀድም ያተርፋል።

ነጭ የሚባለው ኤልኢዲ በአብዛኛው ከውስጥ ሰማያዊ ነው። ነጭ የሚያደርገው ከሰማያዊው ከፊሉን ተቀብሎ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ የሚለውጠው ፎስፈር የተባለ ቅብ ነው። በርካሽ ቅብ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ቀዩ ነው፤ ጠይም ፊትን ሞቅ አድርጎ የሚያሳየው ደግሞ ያው ቀይ ነው። ቀይ ባነሰው መብራት ጠይም ቆዳ አመድ የነፋበት ይመስላል። በኤዲቲንግ ለማስተካከል መሞከርም ብዙ አያዋጣም፤ ካሜራው ያላገኘው ቀለም ከየት ይመጣል?

ይህ ጥራት ሲአርአይ በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ ጣሪያው 100 ነው። የተለመደው የቤት ኤልኢዲ አምፖል 80 አካባቢ ሲሆን፣ ለሰው ፊት 95ና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል። ቁጥሩም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ ደማቁ ቀይ አይገባበትም፤ እሱ አር9 ተብሎ ለብቻው ይለካል። ካርቶኑ ላይ አር9 ካልተጻፈ ጥቂት በርበሬ በወረቀት ጠቅልሎ መሄድ ይበቃል። በርበሬውን መጀመሪያ ሱቁ በር ላይ በቀን ብርሃን፣ ቀጥሎ በመብራቱ በስልክ መቅረጽ ነው። ቅላቱ ወደ ቡናማ ከዞረ ያ መብራት ፊትንም አይምርም።

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ የቀን ብርሃን 5600፣ የድሮው የስቱዲዮ አምፖል 3200 ገደማ ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ የፊት አንዱ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ብርቱካናማ ይሆናል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የጣሪያውን አምፖል ማጥፋት ነው። መስኮት አጠገብ ለሚቀርጽ ሰው ባለ 5600ው ይበቃዋል።

ጥላን የሚያለሰልሰው የብርሃኑ ምንጭ ስፋት ነው። ትንሽ አምፖል ከአፍንጫ ሥር እንደ ከሰል የጠቆረ ጥላ ይጥላል፤ ያው አምፖል ሶፍትቦክስ በሚባል፣ 90 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ የጨርቅ ሳጥን ሲሸፈን ጥላው ይሟሟል። ሶፍትቦክሱ ከተቀራጩ በራቀ ቁጥር ግን እንደ ትንሽ መብራት ይሆንና ጥላው ይመለሳል። ርቀት ብርሃኑንም ይበላዋል፤ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር የተገፋ መብራት የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ነው። ደካማ መብራት የገዛ ሰው ምስሉ ውስጥ ሊገባ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቢያስጠጋው፣ ያልከፈለበትን ጉልበት አገኘ ማለት ነው።

ሶፍትቦክስ እስኪገዛ ነጭ አንሶላ በገመድ ተወጥሮ ያገለግላል። ይህ ለኤልኢዲ እንጂ ለሃሎጅን አይሆንም፤ ጨርቁ ሊቃጠል ይችላል። በጥላው በኩል የቆመ ነጭ ፎም የሁለተኛ መብራት ሥራ ይሠራል። አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳም ብርሃን ይመልሳል፣ ግን አረንጓዴውን ጉንጭ ላይ እያሳረፈ።

የሐበሻ ቀሚስ ለብቻው አስቸጋሪ ነው። ነጩ ልብስ ብርሃኑን ሲረጭ ካሜራው በራሱ ጊዜ ምስሉን ያጨልማል፤ ፊት ይጠቁራል። መብራት መጨመር ልብሱንም አብሮ ያደምቀዋል። የሚሻለው መብራቱን ከፍ አድርጎ አቅጣጫውን ቀና ማድረግ ነው፤ የብርሃኑ መሐል ፊት ላይ፣ የደከመው ጠርዙ ቀሚሱ ላይ ያርፋል።

ሪንግ ላይት በየሱቁ ስለሞላ ብዙዎች ከእሱ ይጀምራሉ። በካሜራው ዙሪያ ስለሚያበራ ጥላ አያስቀርም፤ ለሜካፕ ጥሩ ነው፣ ለቃለ መጠይቅ ግን ፊትን እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ መነጽር ላይም ነጭ ቀለበት ይጥላል። እንደ ጎዶክስ፣ ናንላይትና አማራን ካሉት የቻይና ስሪቶች ባለ 60 ዋት ያህሉ ከሶፍትቦክስ ጋር ለአንድ ተናጋሪ ይበቃል። ቦወንስ የሚባለው ማያያዣ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ነገ መብራቱ ቢለወጥ ሶፍትቦክሱ አይጣልም። የመብራቱን ማቀዝቀዣ ፋንም ጠጋ ብሎ ማዳመጥ ነው። በመንገድ ጫጫታ የማይሰማው ድምፅ ጸጥ ባለ ክፍል ማይክ ውስጥ ይገባል።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ሊርገበገብ ይችላል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ምስሉ ላይ የሚሄድ ጥቁር መስመር አድርጎ ያወጣዋል። ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋዋል። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ለዚያ አገር 60 ኸርዝ ተስተካክሎ ከሆነ፣ መስመሩ ሲታይ መብራቱ ይወቀሳል እንጂ ጥፋቱ የካሜራው ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ኤንፒ-ኤፍ የሚባሉትን ባትሪዎች የሚቀበል ትንሽ ፓነል ቀረጻውን ያስጨርሳል። ማቆሚያው ላይ መቆጠብ ግን ውድ ያስከፍላል፤ ሶፍትቦክስ የተሸከመ ቀጭን ማቆሚያ በሩን ከፍቶ የገባ ነፋስ ይጥለዋል። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ክብደቱ ወዳጋደለበት አቅጣጫ ይዞራል፣ ማቆሚያው ላይም ውሃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይንጠለጠላል።