አያት ያሳደገው ልጅና የጤና መድን

«አያት ያሳደገው ልጅ ሞልቃቃ ነው» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ነገር ግን ይህ ሞልቃቃ የተባለው ልጅ ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው፣ የሕክምናው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። በእርስዋና በዙሪያዋም፣ እንደሌላው የደጋ አገር ሁሉ፣ ወላጆቹ የሞቱበት ወይም እንጀራ ፍለጋ የራቁት ልጅ መጠጊያው የአያቱ ቤት ነው።

ለእንዲህ ያለው ቤት ደጋፊ የሚሆነው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህም በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ ተስፋፋ። አሠራሩ ከእድር የራቀ አይደለም፤ ጤነኛው ያዋጣው ለታመመው ይደርሳል። መዋጮው በየዓመቱ ይከፈላል፤ ምዝገባውም በቤተሰብ ነው። አቅም ለሌላቸው መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ እነዚህንም የሚለየው ቀበሌው ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ከዚህ ላይ ይመስለናል። መታወቂያው የሚያገለግለው ስማቸው ለሰፈረ ሰዎች ነው። የልጅ ልጅ ከምዝገባ በኋላ መጥቶ ሳይጻፍ ቢቀር፣ አያቱ መዋጮዋን ከፍላ ሳለች ለሕክምናው በግ ለመሸጥ ትገደዳለች።

ስለዚህ በየቀበሌው የምትሠሩ ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ መዝገቡ በሚታደስበት ጊዜ «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «እማማ፣ ከቤትዎ የሚያድረው ልጅ ማን ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪዎችም ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትገቡ የአያቶቻችሁን መታወቂያ ገልጣችሁ ተመልከቱ። አንድ ስም መጻፍ ቀላል ሥራ ነው፤ መዘንጋቱ ግን ልጅን ከሐኪም ደጅ ይመልሳል።