የካልኩለስ ቤት ሥራ በገበያ ዋጋ

ደብረ ብርሃን በነጋዴው ዘንድ የምትታወቀው በብርድ ልብስ፣ በገብስና በአረቄ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ግን ሚዛን ላይ የማይወጣ፣ ደረሰኝም የማይቆረጥለት ሌላ ሸቀጥ ተጨምሯል። እርሱም የፊዚክስና የካልኩለስ ቤት ሥራ እገዛ ነው። ይህ ገበያ በደብረ ብርሃን ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ሁሉ አለ። ገንዘቡን የሚያወጣው ወላጅ ሲሆን ዕቃውን የሚረከበው ልጁ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ፍላጎቱ ከየት መጣ? መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ እንዲማሩ ሲወስን፣ ካልኩለስን በግድ የሚገዛ ደንበኛ በአንድ ጊዜ በዛ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ። በዚያ ዓመት የሚገኘው ውጤት ተማሪው የሚመደብበትን ዲፓርትመንት ለመወሰን ስለሚያገለግል፣ በጄኔራል ፊዚክስ የሚመጣ አንድ ዝቅተኛ ፊደል ኢንጂነሪንግን ወይም ሕክምናን ሊያስቀር ይችላል። ከታች የሚመጣው ተማሪ ዝግጅትም ደካማ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። በዚህ ሳቢያ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሬሚዲያል ፕሮግራም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን እንደገና ሒሳብና ፊዚክስ አስተምሮ ይፈትናል። የሚያልፈው ይቀጥላል፤ የወደቀው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በዚህ ገበያ በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሸጣሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። ከፍ ያለ ዓመት ላይ የደረሰ የኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ወይም ሥራ ያላገኘ ምሩቅ ቁጭ ብሎ ያስጠናል። ሁለተኛው ወረቀት ነው። የተፈታ ወርክሺት፣ ያለፉ ዓመታት ፈተና ከነመልሱ፣ ወይም ተማሪው ስሙን ጽፎ ብቻ የሚያስረክበው አሳይመንት ነው። የመጀመሪያው የሻጩን ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ግን አንዴ ከተፈታ በኋላ ወጪው የፎቶ ኮፒው ብቻ ስለሆነ፣ ሻጩ በአንድ ወረቀት መቶ ጊዜ ይነግድበታል። ወረቀቱ ሁልጊዜ ረክሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የአስጠኚውን ዋጋ በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ ለማስረዳት የተወሰደ ነው። አንድ አስጠኚ በሳምንት 100 ብር ቢጠይቅ 20 ተማሪዎች፣ 200 ብር ቢጠይቅ 10 ተማሪዎች ይመጡለታል እንበል። በሁለቱም ዋጋ ገቢው 2,000 ብር ነው። ዋጋውን 150 ቢያደርግና 15 ተማሪዎች ቢመጡ ግን 2,250 ብር ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ዋጋ ቢጨምርም ቢቀንስም ይጎዳል። ያቺ ነጥብ በካልኩለስ ቋንቋ የገቢው ዴሪቫቲቭ ዜሮ የሚሆንባት ናት። የመርካቶ ነጋዴ ስሟን ባያውቃትም በየቀኑ ይፈልጋታል። አስጠኚው ግን ሒሳቡን በዚህ አያቆምም፤ 15 ሰው በአንድ ክፍል ሲታጨቅ ጥያቄ የሚጠይቀው ሦስት ወይም አራት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጅ በቡድን ዋጋ ከፍሎ የግል ትምህርት ቢጠብቅ ትርፉ ቅሬታ ነው።

ደላላው የሚገባው ሻጭና ገዢ በማይተዋወቁበት ቦታ ነው። በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አስጠኚ የሚያገናኙ ቢሮዎች ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ድርሻ መውሰድ የተለመደ ነው። ይህ አከፋፈል ደላላውን ለማገናኘት እንጂ ለማቆየት አያተጋውም። አስጠኚው በሁለተኛው ወር ቢጠፋ ደላላው አይከስርም፤ እንዲያውም አዲስ ኮሚሽን ያገኛል።

ተፎካካሪው ከውጭም መጥቷል። የአሜሪካው ቼግ የቤት ሥራ መልስ በወርኃዊ ክፍያ በመሸጥ የአክሲዮን ዋጋውን በ2013 ዓ.ም. ከ100 ዶላር በላይ አድርሶት ነበር። ተማሪዎች ወደ ቻትጂፒቲ እየሸሹ መሆናቸውን ሲያስታውቅ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. በአንድ ቀን ግማሽ ያህሉን ዋጋ አጣ። ለእኛ ተማሪ ደግሞ ምንዛሪው ሌላ እንቅፋት ነው። በወር 15 ዶላር የሚጠይቅ አገልግሎት፣ ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ተመን 855 ብር ገደማ ነበር። ዶላር 110 ብር ሲገባ ያው አገልግሎት 1,650 ብር ሆነ። ካን አካዳሚ ካልኩለሱንም ፊዚክሱንም በነፃ ያስተምራል፤ የሚከፈለው ለኢንተርኔት ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። በአማራ ክልል በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ አማራጭ ሆነው የሚቀሩት አስጠኚውና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ናቸው።

ወረቀት ገዝቶ የሚያልፍ ተማሪ ሒሳቡ ዘግይቶ ይመጣበታል። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስኮች የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ከወሰዱት ከ150 ሺሕ በላይ ተፈታኞች ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። አራት ዓመት ሙሉ ቀለብና ኪስ ገንዘብ ለላከ ወላጅ ይህ ከፎቶ ኮፒ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ኪሳራ አይደለም።

ከፋዩ የገዛው ሰዓት ይሁን ወረቀት ለመለየት ፊዚክስ ማወቅ አያስፈልገውም። አንድ ጥያቄ ይበቃል። ከአሊዩ አምባ ገበያ ወደ አንኮበር 50 ኪሎ ጭነት ሲወጣ፣ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ ስበትን ለማሸነፍ የሚፈጀው ሥራ 49,000 ጁል ነው፤ 50 በ9.8፣ ከዚያም በ100 ተባዝቶ። ይህን ልጁ ከወረቀት አንብቦ ይመልሰዋል። አሁን አህያዋ በአቋራጩ ሳይሆን በሚጠማዘዘውና ሁለት እጥፍ በሚረዝመው መንገድ ብትወጣስ ተብሎ ይጠየቅ። ስበትን ለማሸነፍ የሚፈጀው ሥራ አይለወጥም፤ የሚቆጠረው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ከፍታው ነውና። ልጁ 98,000 ካለ አስጠኚው የሸጠው ወረቀት ነው። የሚቀጥለውን ክፍያ በወር ሳይሆን በሳምንት፣ ያውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ማድረግ ይሻላል።