ዳይሱ ሳይወረወር በፊት

ከላብራቶሪ ጓደኛዬ ጋር ዋርሃመር 40,000 መጫወት ስንጀምር በተከታታይ ተሸነፍኩ። በተሸነፍኩ ቁጥር «ዳይስ ቀናህ» እለዋለሁ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ስሠራው ግን ጥፋቱ የዳይሱ ሳይሆን የኔ ሆኖ ተገኘ።

ለማታውቁት፦ ዋርሃመር 40,000 በ1987 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የወጣ የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ትንንሽ የወታደር ምስሎችን ገጣጥመውና ቀለም ቀብተው ያሰልፋሉ። እንደ ዳማና ቼዝ የተሰመረ ቤት የለውም፤ ርቀቱ በሜትር እየተለካ በኢንች ነው የሚኬደው። ተኩሱ መታ ወይስ ሳተ የሚለውን የሚወስነው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ነው።

እስቲ ከጨበጣ ውጊያ እንጀምር። ጠላት ጋ ሮጦ ለመድረስ ሁለት ዳይስ ትወረውራላችሁ፤ ድምሩ የምትሮጡት ኢንች ነው። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው። 9 ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጡት 10ሩ ብቻ ናቸው፣ ማለትም 28 በመቶ ገደማ። 7 ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጡት ግን 21 ናቸው፤ 58 በመቶ። ልዩነቱ ሁለት ኢንች ብቻ ነው፣ ዕድሉ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ!

ዳይሱን ደግማችሁ የምትወረውሩበት መንገድ አለ፣ ግን ውስን ነጥብ ያስከፍላል። 9 ፈልጋችሁ ሁለቴ ብትሞክሩ እንኳን ዕድላችሁ 48 በመቶ ነው፤ አንዴ ብቻ 7 ከመፈለግ ያንሳል። እኔ ደግሞ ወታደሮቼን ከግድግዳ ጀርባ ወደ ኋላ አርቄ ደብቄ፣ በሚቀጥለው ዙር 9 እየጠበቅኩ ዳይሱን እረግም ነበር። ያቺ ሁለት ኢንች የጠፋችው ካለፈው ዙር ጀምሮ ነው። በርግጥ ጠጋ ማለት ለተኩስ ያጋልጣል፤ ሂሳቡ የሚጠቅመው ምን ከፍላችሁ ምን እንደምታገኙ ለማየት ነው።

ተኩሱ ላይ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። ስፔስ ማሪን የሚባሉት ወታደሮች በተራ ጠመንጃቸው፣ በቦልትገን፣ ከለላ የሌላቸውን አምሳያዎቻቸውን ተኮሱ እንበል። ለመምታት 3 እና በላይ (2/3)፣ ለማቁሰል 4 እና በላይ (1/2)፣ ጥሩሩ የሚከሽፈው 1 ወይም 2 ሲወጣ (1/3)። ሦስቱን ስታባዙ 1/9 ይመጣል። ስለዚህ 20 ጥይት በአማካይ 2.2 ጉዳት ያደርሳል። አንዱ ማሪን የሚወድቀው በሁለት ጉዳት ስለሆነ «በቃ፣ አንድ እገላለሁ» ትላላችሁ አይደል? አማካዩ ግን ሁሉን አይናገርም። ከሦስት ጊዜ አንዴ፣ በትክክል 33 በመቶ፣ ጉዳቱ ከሁለት ያንሳል፤ ማንም አይወድቅም።

ጥይቱን 40 ስታደርጉት ይህ የመክሸፍ ዕድል ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ምህንድስና ስንማር ድልድይ ለአማካይ ጭነት አይሠራም ይሉን ነበር። ነገሩ ያው ነው፤ ሙሉ ዕቅዳችሁ በአንድ ጠላት መውደቅ ላይ ከቆመ እዚያ ላይ ትርፍ ጥይት አስቀምጡ። ሌላ ዒላማ የማይታያቸው ወታደሮች መጀመሪያ ይተኩሱ። ከሳቱ የቀሩት ይረዷቸዋል፤ ካልሳቱ የቀሩት ወደ ሌላ ይዞራሉ። የተኩስ ቅደም ተከተል ነፃ ነው፣ ማንም ዋጋ አይጠይቅበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ነው የገባኝ። አብዛኛው ጨዋታ በ5 ዙር ያልቃል፤ አሸናፊው ብዙ የገደለ ሳይሆን ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ነው። ከነጥቡ ብዙው የሚገኘው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡ ምልክቶችን በመያዝ ነው። ጓደኛዬ ይህን ገና ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። እኔ ትልቁን ታንኩን ሳሳድድ እሱ አምስት ደካማ ወታደር ምልክት ላይ አቁሞ በየዙሩ ነጥቡን ይጽፋል።

መጀመሪያ ያሸነፍኩት ቀን በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ የቀሩኝ ሦስት ወታደሮች ነበሩ። የሱ ሠራዊት ከግማሽ በላይ ቆሞ ነበር፣ ታንኩም ጭረት አልነካውም። ነጥብ ቆጥረን ስንጨርስ «ዳይስ ቀናህ» አለኝ።