ስለ ደመወዝ ግብርና ስለ ልዩ ልዩ ተቆራጭ

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ለቅዳሴና ለንባብ ብቻ ያገለገለ አይደለም። የገዳሙ አበው ከወንጌሉ ቃል ጋር ለገዳሙ የተሰጡትን መጻሕፍትና የርስቱን ነገር በዚያው ብራና ላይ ጽፈውበታልና፥ የገዳሙ መዝገብም ጭምር ሆኖ ኖሯል። በቃል የተነገረ ይረሳል፥ ወይም ይካዳል፤ የተጻፈው ግን ለሚመጣው ትውልድ ይመሰክራል ብለው ነው።

ዛሬ በዚያው በሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ መምህሩም፥ ጸሓፊውም፥ የጤና ባለሙያውም በየወሩ መጨረሻ ፔሮል በሚባለው የደመወዝ ዝርዝር ላይ ይፈርማሉ። በዝርዝሩ ላይ ከስምና ከመለያ ቁጥር ቀጥሎ ጠቅላላ ደመወዝ፥ የሥራ ግብር፥ የጡረታ መዋጮ፥ ሌላም ተቆራጭ በየረድፉ ተጽፏል። ነገር ግን ከሚፈርሙት የሚበዙት ዓይናቸውን የሚጥሉት በመጨረሻው ረድፍ፥ በተጣራው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ሳያነቡ መፈረም የሚያመጣውን ጣጣ ከዚህ አገር ሰው ይልቅ የሚያውቀው ማን ነው? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሙን ያገኘው ከሐይቅ እምብዛም ከማይርቀው ከአምባሰል ውጫሌ ነው። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል ፈቃድ ሲሰጥ የጣልያንኛው ግዴታ ጫነ፤ በአንድ ግሥ ልዩነት የተነሣው ክርክርም እስከ ዐድዋ አደረሰ። የደመወዝ ወረቀት የመንግሥታት ውል አይደለም፤ ቢሆንም ለአንድ ቤተ ሰብ የወር ኑሮው ነው።

ግብር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ገበሬው ከእህሉ ከዐሥር አንዱን ሲሰጥ ዐሥራት ይባል ነበር፤ ስሌቱም ለባለብዙውና ለባለጥቂቱ አንድ ነበረ። በደመወዝ ላይ የሚከፈለው ግብር ግን በ1936 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 60 ተደነገገ፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ ዛሬ የሚሠራበት የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው፤ ይኸውም በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። የደመወዝ ግብር በአዋጁ ሠንጠረዥ «ሀ» ይባላል፤ እንደ ዐሥራት በአንድ ልክ የሚሄድ ሳይሆን እንደ ደረጃ ወደ ላይ የሚወጣ ነው።

በተሻሻለው አዋጅ በወር ከሚገኘው ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው ከመቶ 15፥ እስከ 7,000 ያለው ከመቶ 20፥ እስከ 10,000 ያለው ከመቶ 25፥ እስከ 14,000 ያለው ከመቶ 30 ይከፈልበታል፤ ከ14,000 በላይ የሆነው ሁሉ ከመቶ 35 ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ ሰው 500 ብር ቢጨመርለት፥ «ከመቶ 30 ውስጥ ገባሁ፤ እንግዲህ ከ10,500 ብር ሢሶው ሊሄድ ምን ቀረው፤ ጭማሪው ጎዳኝ» ብሎ ያዝናል። በዚሁ ሐሳብ የተጨማሪ ሰዓት ሥራ የሚሸሽም አይጠፋም። ይህ ንባቡን ይዞ ትርጓሜውን መሳት ነው። ከመቶ 30 የሚነካው ከ10,000 በላይ ያለችውን 500 ብር ብቻ ነው። ሲቈጠር እንዲህ ይሆናል፦ የመጀመሪያው 2,000 ነጻ፤ የሚቀጥለው 2,000 ብር 300፤ ከዚያ ያለው 3,000 ብር 600፤ ሌላው 3,000 ብር 750፤ የመጨረሻው 500 ብር 150፤ በድምሩ 1,800 ብር። ከጭማሪው በፊት ግብሩ 1,650 ብር ነበረ። ስለዚህ ጭማሪው ያመጣው ግብር 150 ብር ብቻ ነው።

የሒሳብ ሠራተኞች ጊዜ ለማትረፍ ሲሉ አቋራጭ መንገድ ይይዛሉ። ይኸውም 10,500ን በሙሉ በመቶ 30 አባዝተው 3,150 ካገኙ በኋላ 1,350 ብር ይቀንሱለታል፤ መልሱ ያው 1,800 ነው። ይህ 1,350 ብር ችሮታ አይደለም፤ በታችኛው ደረጃ ያለው ገንዘብ በላይኛው ልክ ስለ ተሰላ ትርፉን መመለስ ነው። ለየደረጃው የሚቀነሰው ከታች ወደ ላይ 300፥ 500፥ 850፥ 1,350፥ 2,050 ብር ነው። መቀነሱ ከተረሳ ግን ሠራተኛው የሚጎዳው በሳንቲም አይደለም።

ከግብር ቀጥሎ የሚታየው የጡረታ መዋጮ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7 ሲከፍል፥ የሲቪል መሥሪያ ቤት ወይም የግል ድርጅት አሠሪው ከራሱ ከመቶ 11 ይጨምርለታል። የሠራተኛው ከመቶ 7 ከደመወዙ ተነሥቶ በቀሪው ላይ ግብር የሚታሰብ የሚመስላቸው አሉ፤ ግብሩ ግን የሚታሰበው ጡረታ ሳይነሣ ነው። ስለዚህ ባለ 10,500 ብሩ 1,800 ለግብር፥ 735 ለጡረታ ሰጥቶ 7,965 ብር ይቀበላል፤ ከጭማሪው በፊት ይቀበል የነበረው 7,650 ነበርና 315 ብር አትርፏል። አሠሪው የሚጨምረው ከመቶ 11 ሠራተኛው በሚቀበለው ገንዘብ ውስጥ ስለማይታይ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ገቢ መደረጉን መጠየቅ ግን ነውር አይደለም።

የቀረው ተቆራጭ፥ የዕድሩ፥ የቁጠባ ማኅበሩ፥ የብድሩ፥ ከዩኒቨርሲቲ ለወጣውም የወጪ መጋራቱ፥ ለየብቻው መታየት አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ፥ በሕግ፥ በኅብረት ስምምነት፥ በሥራ ደንብ፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በራሱ የጽሑፍ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ከደመወዙ አይቈረጥም፤ የሚቈረጠውም ከወር ደመወዙ ከሢሶ ሊበልጥ አይችልም። በአለቃ ቃል ብቻ ለልዩ ልዩ መዋጮ የሚነሣ ገንዘብ ካለ፥ የፈቃዱ ወረቀት የት እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 እና 97 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ግብር ለፌዴራሉ፥ የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኛ ግብር ለክልሉ ነው። ስለዚህ በሐይቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር የሚከፍለው ለዐማራ ክልል ነውና፥ የክልሉንም አዋጅ አብሮ ማየት አለበት።

አንድ ነገር ግን በሠራተኛው ንባብ ብቻ አይቃናም። በ2008 ዓ.ም. ግብር የማይነካው ደመወዝ 600 ብር ተብሎ ተወሰነ፤ እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ድረስም በዚያው ቈየ። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት የጤፉም የዘይቱም ዋጋ ወጣ፤ ደመወዝም ኑሮን ለመከተል ጥቂት በጥቂት ሲጨመር፥ ጭማሪው ሠራተኛውን ሳያበለጽገው ወደ ላይኛው የግብር ደረጃ አወጣው። በቀድሞው ስሌት የ10,500 ብር ደመወዝ 2,195 ብር ይከፈልበት ነበርና የተሻሻለው አዋጅ በወር 395 ብር አቃሎለታል። ይሁን እንጂ 2,000ውም ብር እንደ 600ው በአዋጅ የተቸነከረ ቍጥር ነው፤ ገበያው ሲነሣ አብሮ አይነሣም።